በራሳቸው የበቀሉት ጥዶች

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት አልገፈፈም። ጫማዬ ውሃ ያስገባል... ሊስትሮው ጋ ካልወሰድኩት ጣቴ ሊበሰብስ ነው። ይህን ባለፈው ሳምንትም ጽፌዋለሁ። አልወሰድኩትም።

ስለሺ ዛሬ አዲስ ሥራ ጫነብኝ። አለቃ ከሆነ ጀምሮ ሥራ ማሸከም እንደ ምርቃት ነው የሚቀለው። የእንጦጦ ፓርክን ታሪክ ጻፊ አለ፤ መግቢያው ላይ በትልቅ ሰሌዳ ይቆማል። ሰው ቆሞ የሚያነበው ይሁን፣ ሌክቸር እንዳይሆን። ዛፍ ስለካ የምውል ሰው ታሪክ ጸሐፊ ሆኜ አረፍኩት።

ታሪኩ ያው ነው። ድሮ ተራራው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። ከተማው ሲቆረቆር ለቤትና ለማገዶ አለቀ። ከዚያ ባሕር ዛፍ መጣ፤ ከተማውን ከብርድ አዳነው፣ ምንጩን ግን ጠጣበት። አሁን እኛ ባሕር ዛፉን እየቆረጥን የድሮውን እንመልሳለን። በቃ። ምኑ ይከብዳል?

ከሰዓት ላይኛው በር ወጣሁ። ከገደሉ አፋፍ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ጥዶች! ሰብሰብ ብለው ቆመዋል፤ ዕድሜያቸውም ተቀራራቢ ነው። ማን ይተክላቸዋል እዚያ? ወፍ ዘሩን ጥሎት በራሳቸው የበቀሉ ናቸው። ከሥራቸው ድንጋይ ተከማችቷል፤ ጎርፍ ያወረደው መሰለኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ይኼ ተራራ እኛን አልጠበቀም፤ ራሱ እየተመለሰ ነው።

ማታ ለእማዬ ጥድ አገኘሁ አልኳት። "ዛፍ በቀለ ብሎ የሚጨፍር አንቺን አየሁ" አለችኝ። አንድ ቀን እንኳ መጥታ የምሠራበትን አላየችም። ጉልበቴ ትላለች። ሸጎሌ ገበያ ስትሄድ ግን ጉልበቷ ደህና ነው።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ሰሌዳውን ጨረስኩ። ስለ ላይኛው በር እንዲህ አልኩ፦ "ይህ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ሥፍራ ነው። ጥዶቹ በራሳቸው በቅለዋል። ተፈጥሮ ስትመለስ እዚህ ይታያል።" ስለሺ ሁለቴ አነበበው። ወደደው።

ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣለት። ለጎብኚ ማረፊያ ቤት የሚሠራበት ቦታ ሲፈልግ ከርሟል፤ የትም ቢል የድሮ ነዋሪ ይመጣና ቤቴ እዚህ ነበር ይለዋል። ታዲያ ሰው ካልነበረበት እዚያው አይሻልም? ጥቂት ጥድ ይነሳል፣ በምትኩ ችግኝ እንተክላለን አለ።

"እርግጠኛ ነሽ ሰው አልኖረበትም?"

"እርግጠኛ ነኝ" አልኩት። ፈርምልኝ ቢለኝ እፈርም ነበር።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ለሜሳ ጥበቃው ፀሐይ ካዘቀዘቀች ወደ ጥዶቹ አይሄድም። ለምን ብለው አፈረ። በኋላ ልጅ ያለቅሳል አለኝ። ሽኮኮ ነው አልኩት፤ ሽኮኮ ሲጮህ ቁርጥ ሕፃን ነው። አስረዳሁት እንጂ አስረዳሁት... ጥርሱን፣ አመጋገቡን ሳይቀር። ሰምቶ ሰምቶ፣

"ሽኮኮ ተወልጄ ያደግኩበት ነው እህቴ። ይኼኛው ግን ሲያለቅስ የሚያባብለው ሰው አለ" አለኝ።

ሳቅሁ። ሰውነቴ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ብቻዬን ሄጄ ጥዶቹን ለካሁ። ንፋስ የለም። ወፍ የለም። አጎንብሼ ቁጥር ስጽፍ አንድ ሰው ያንጎራጉራል... እኔ ነኝ። እሹሩሩ እያልኩ ነው። እኔ! ኳየር ውስጥ ድምፄ አስቸግሯቸው ኋላ ያቆሙኝ ሰው። ሜትሩን ጥዬ መጣሁ። ነገ አነሳዋለሁ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ለማሳቅ ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። ምስር ትለቅም ነበር። ለሜሳን፣ ልቅሶውን፣ እሹሩሩውን። አልሳቀችም። የት ጋ ነው አለችኝ። ላይኛው በር፣ ገደሉ አፋፍ፣ ጥዶቹ ጋ አልኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

"ምን ሊያደርጉት ነው?"

ማረፊያ ይሠራበታል አልኳት። ይቆፈራል? አዎ፣ መሠረት ያለቆፋሮ የት አለ። ተነሳች። መኝታ ቤቷ በር ላይ ደርሳ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ምንጯስ አልደረቀችም ወይ አለችኝ።

ደርቃለች አልኳት። ምስሩን እኔ ለቀምኩት።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። ምንጭ አለ መች አልኳት? የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ ስትል ነው ያደግኩት።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ቸርች ሄድን። እማዬ አልዘመረችም። እናቴ፣ ጉሮሮዋ ታሞ እንኳ የምትዘምር። ከንፈሯ አልተነቃነቀም። ፓስተሩ ሲጸልይላት እጁን ከራሷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

መንገድ ላይ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። "መቼ ነው የሚቆፍሩት?" ብላ በጥያቄ መለሰችልኝ። በዚህ ወር አልኩ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዛሬ ቁስቋም ነው። ነጭ የለበሰ ሁሉ በጠዋት ሽቅብ ይጎርፋል። እኔ ያልተለኩትን ጥዶች ልጨርስ ወጣሁ።

አንዲት ሴትዮ ጥዱ ሥር ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አጣፍተው፣ ጧፍ ድንጋዩ መሃል ሰክተው፣ ወዲህ ወዲያ እየተወዛወዙ ያንጎራጉራሉ። ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው። ለሜሳን የሚያባርሩት እኚህ ናቸው? ትንሽ ቀለለኝ። ግን እኮ በቀትር ነው የመጡት...

እማማ እሳት አይቻልም እዚህ አልኳቸው። አፌ ቀደመኝ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ሳይቆጡ ጧፉን በጣታቸው አጠፉት። ደሳለች ይባላሉ። ከዚህ ሰፈር ወደ ታች ከተነሳን ጀምሮ በዓመት አንዴ በአጥሩ ቀዳዳ እገባለሁ አሉኝ። የቱ ሰፈር? እዚህ ሰፈር አልነበረም እኮ አልኳቸው።

"አልነበረም ማን አለሽ?"

እኔ ነኝ ያልኩት። በትልቅ ሰሌዳ።

ተነስተው አሳዩኝ። እዚህ የኔ ቤት፣ እዚያ ውሃ የምንቀዳበት፣ ይኼ ጌሾ የማን ነው ትያለሽ፣ ጅብ ተከለው? ጌሾውን ስንቴ አልፌዋለሁ። ጤና አዳሙንም። እንጨት ለቃሚዎች ነበሩ አሉኝ፤ የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ብዙ ልጅ። ደኑ ሲታጠር ተነሱ፤ ቤቶቹ ፈረሱ፣ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አቆጥቁጦ ሸፈነው።

"ጥዶቹስ?" አልኳቸው።

"ጥዶቹ ልጆቻችን ናቸው።"

ክርስትና ሳይነሱ የሞቱ ሕፃናት። ወንድ አርባ፣ ሴት ሰማንያ ሳይሞላት ያለፈች፣ ቄስ ያልደረሰላት። በልማዱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገቡም ነበር። እናቶቹ እዚህ ቀበሩ፤ ጅብ እንዳያወጣቸው ድንጋይ ጫኑበት፣ በራስጌ ጥድ ተከሉ። እኔ ጎርፍ ያወረደው ያልኩት ድንጋይ...

ማረፊያውን ነገርኳቸው። መቼስ ሌላ ማን ይነግራቸዋል? ከዚያ ፊቴን አገላብጠው አዩኝና የናትሽ ስም ማነው አሉኝ። ሙሉእመቤት ስላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ዓይኗ ነው ያለሽ። ሂጂ፣ ቤትሽ ጠይቂ። እኔ ከዚህ በላይ አልናገርም።"

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ጠየቅኳት። ደሳለችን አገኘኋቸው አልኩ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላልኩም። እማዬ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ቴሌቪዥኑን አጥፊው አለችኝ። የጠፋ ነበር።

ከኔ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻት። ብርቄ ነበር የምላት አለች። የክርስትና ስም አላገኘችም፤ ሰማንያዋ አልደረሰም። በክረምት ጉንፋን ያዛት። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቄስ ሊጠራ በዝናቡ ቁልቁል ሮጠ። ቄሱም አልዘገዩም፣ አባትሽም አልዘገየም አለች፣ እሷ ናት የቸኮለችው።

አባዬ ቆፈረ። እማዬ አራስ ናትና አትወጣም ተባለ፤ ወጣች።

"ጥዱስ ለምን?" አልኳት።

"ጥድ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይደል? እሷ ቅጥሩ ካልገባች፣ ቅጥሩ ወደ እሷ ይምጣ ብለን ነዋ።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ስለሞተ ሕፃን ማውራት የሚቀጥለውን ይጠራል ይባል ነበር አለች፤ አንቺ ደግሞ ስትወለጂ ትንሽ ነበርሽ፣ ሰማያዊ ነበርሽ። ሰማንያ መቁጠሩን ስለፈራች ጎረቤት ይዟት ወደ ቸርች ሄደች። እዚያ ቀን አይቆጠርም ብለዋት። ሚልካ አሉኝ። እቤት ግን እስከ ዛሬ ምትኬ ነው የምትለኝ። እኔ በሞተችው አያቴ ምትክ መስሎኝ... ማን ነግሮኝ ነው አያቴ ያልኩት? ማንም። ራሴው ገጥሜው ነው። ዝም ያለ ቤት ውስጥ ሰው የሌለ ታሪክ ይገጣጥማል።

እዚያ ስቀመጥ፣ ስለካ፣ ምሳዬን ስበላ... እህቴ ራስጌ ነበርኩ። ቁጥር ሰጥቻታለሁ። ግንዷን በሜትር አቅፌ ለክቻታለሁ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ስለሺ ጋ ገባሁ። ተሳስቻለሁ አልኩት፣ ቦታው መቃብር ነው። ክፉ ሰው አይደለም ስለሺ፤ ወንበር ሳበልኝ። ግን ውሉ ተፈርሟል፣ ማሽን ተከራይቷል፣ የበላዮቹ አንቺው ንጹሕ ቦታ ነው ያልሽውን ይዘው ነው የሄዱት አለኝ። አንድ ሰው ቀርቦ ልጄ እዚያ ነው ይበለኝ፣ በዚያው ቀን አስቆመዋለሁ። "አንድ ሰው ነገረኝ" ብዬ አልሄድም።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። እምቢ። ለአባትሽ ዘመዶች፣ ለቸርቹ፣ ለጎረቤቱ ልናዘዝ ነው? እምቢ አለች። ደሳለች ጋ ደወልኩ፤ ሙሉእመቤት ከመጣች እመጣለሁ፣ ብቻዬን የሁሉንም ገመና አልገልጥም አሉ።

እኔ ልበል እንዴ፣ እህቴ ናት ብዬ? ልል እችል ነበር። ግን ሐዘኑ የማን ነው? ከእናቴ አፍ ነጥቄ ልናገረው?

ኅዳር 13፣ ዓርብ

እማዬ አላናገረችኝም። ማታ ግን በሩን ከፍታ ሳልተኛ እንዳለሁ አይታ ዘጋችው።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ለሜሳ በጠዋት ደወለ። "እህቴ፣ ስካቫተር ገብቷል። ላይኛው በር ነው።"

ስለሺ ማሽኑ የሚመጣው በሳምንቱ መጨረሻ ነው ብሎኝ ነበር። ማሽኑ ሌላ ቦታ ሥራ ሲያልቅበት ቀድሞ መጣ። በቃ፣ እንዲህ ነው። ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልከፋ። የደረስኩት በሩጫ ነው፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። ከሩቅ የሸተተኝ ጥዱ ነው። የተሰበረ ጥድ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል... አንደኛ ክፍል ይሸታል።

ማሽኑ ፊት ቆምኩ። ሾፌሩ ምን አጠፋ፣ ልጅ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ምን ሆነሽ እህት ውሃ ላምጣልሽ አለኝ። ስለሺ በስልክ አስቆመው። ከዚያ በኋላ ምን ዋጋ አለው? ከሁሉም አንድ ጥድ ቀርቷል፣ ዳር ያለው። ሌሎቹ ከነሥራቸው ተነቅለው ተጋድመዋል፣ ድንጋዩ ባንድ ጎን ተገፍቶ ተከምሯል።

ጉድጓዶቹን ማየት ፈራሁ። አየሁ። ምንም የለም። ጥቁር አፈር፣ የተበጠሰ ሥር። የሕፃን አጥንት ስንት ዘመን ይቆያል? ማን ይጠየቃል እንዲህ ያለ ነገር?

ከኋላዬ አንድ ነገር ጮኸ። ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዞሬ አላየሁም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ነገርኳት። እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። "እኔ ነኝ ሰው አልኖረበትም ያልኩት" አልኳት።

"እኔ ነኝ ያስባልኩሽ" አለችኝ። ሄዳ ጫማዋን ፈለገች። እማዬ፣ መሽቷል፣ ነገ ስላት ጫማዋን አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እንደዚያው አደረች።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ወጣን። በየዳገቱ ትቆማለች፣ ግን እጄን አልፈለገችም። መንገዱን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ አዲሱን የድንጋይ መንገድ ትታ በድሮው አቋራጭ ወሰደችኝ።

ደሳለች ቀድመው ቆመዋል። እንዲህ ተያይዘው የሚሳሳሙ ሰዎች አይቼ አላውቅም፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ደግመው ደጋግመው።

"ጴንጤ ሆነሽ ቀረሽ አሉኝ" አሉ ደሳለች።

"ቀረሁ። አንቺስ አሁንም ትነዘንዣለሽ?"

ሳቁ። ከዚያ እማዬ ዞራ አየችው። የተገለበጠውን ሁሉ፣ ቀዩን የጥድ ግንድ። በወደቁት መሃል አንድ በአንድ ሄደች። አንድ ጉድጓድ ጋ ቆመችና እዚህ ነበረች አለች። ቁጭ ብላ እጇን አፈሩ ውስጥ አስገባች። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አውጥታ፣ ወገቧን ይዛ። ሠላሳ ዓመት ያልተለቀሰ ልቅሶ እንዲህ ነው ለካ፤ ሰው እንደሚያስመልስ ነው የሚወጣው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌላ ማድረግ የማውቀው የለም።

የቆመችው ጥድ የደሳለች ልጅ ናት። ደሳለች መጥተው ጎንበስ አሉ። "እኛ ጎረቤት አልነበርንም? እነሱም ጎረቤት ናቸው። አምጪያት፣ ከኔዋ ጋር ትሁን" አሉ። እማዬ ከጉድጓዱ አፈር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ወስደው ጥዱ ሥር ደፉት፤ ድንጋይም መለሱበት። ደሳለች አማተቡ፣ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ማንም ማንንም አላረመም።

ስለሺ ከሩቅ ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ነበር። እማዬ ጠራችው።

"ልጄ፣ ሰው ኖሮበት አያውቅም ያላችሁት ይኼን ነው? እኔ ኖሬበታለሁ። ወልጄበታለሁ። ቀብሬበታለሁ።"

ስለሺ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ያኔውኑ እዚያው ቆሞ ደወለ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ማረፊያው ወደ ታችኛው በር ሄደ። ዘግይቶ ሄደ። ይህን "ዘግይቶ" የምትለዋን ቃል ዕድሜ ልኬን እሸከማታለሁ።

ሰሌዳውን ደግሜ ጻፍኩ። ሕፃናቱን አታንሺ አሉኝ ሁለቱም፤ ለመንገደኛ የሚነገር አይደለም። እኔም አላነሳሁም። "እዚህ ሰፈር ነበር። ጥዱን የተከሉት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው" አልኩ። ስለሺ አንድ ጊዜ አነበበው። ስለ ተፈጥሮስ? አለኝ። ይኼው ነው ተፈጥሮው አልኩት።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ሌሎች እናቶች መምጣት ጀምረዋል። ወሬው በምን እንደደረሳቸው አላውቅም። አንድ አንድ ሆነው ይመጣሉ፤ ለሜሳ የት ነሽ ሳይል በሩን ይከፍታል። ልጄ የቱ ጋ ነበረች የምትል የለችም፤ ሁሉም እዚያችው አንድ ጥድ ሥር ይቀመጣሉ። ለሜሳን ልቅሶው ቀረ ወይ አልኩት። አልቀረም አለኝ፤ እኔ ነኝ መሸሽ የተውኩት።

ዛሬ ከእማዬ ጋር ወጥተን ችግኝ ተከልን፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ። ጉልበቷን አመማት፤ እውነተኛ ሕመም ነው፣ እኔም ሐሰት ነው ማለቱን ትቻለሁ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ዶሮ ታቅፋ። ወሬ ጀመሩ። ዶሮውን ስንት ገዛሽው፣ የት ነው የምትኖሪው፣ ኑሮው እንዴት ነው... እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ሴትዮዋ ይቺ ልጅሽ ናት አለቻት። አዎ አለች እማዬ። አንድ ናት ወይ?

ሁልጊዜ የምትመልሰውን አውቃለሁ። አንድ ነች፣ እሷኑ ይባርክልኝ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

"ሁለት ሴቶች ነው የወለድኩት" አለች። "ትልቋ ብርቄ፣ እላይ እንጦጦ ናት። ይቺ ታናሿ ናት።"

እግዜር ያሳድግልሽ አለች ሴትዮዋ። አሜን አለች እማዬ።

ታናሿ። በዚህ ዕድሜዬ ታናሽ ሆንኩ።